የስቴፋንን አምስት ጋላክሲዎች እንዴት አገኘኋቸው

ሦስት ሌሊት ለፋሁ። ከደሴ ወጣ ብዬ፣ ኩታበር በኩል፣ ባለ 40 ሳንቲ ሜትር መስታወት ቴሌስኮፔን ዘርግቼ ብፈልግ ብፈልግ ምንም የለም። ኅዳር ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ኤንጂሲ 7331 የምትባለው ጋላክሲ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ከእሷ ግማሽ ዲግሪ ያህል ራቅ ብለው ያሉት፣ በፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ በስቴፋን ስም የሚጠሩት አምስቱ ጋላክሲዎች ግን የሉም።

ለካ ጥፋቱ የማጉያው ነው። ብርሃን እንዳይቀንስብኝ ብዬ 73 እጥፍ ላይ ሙጭጭ ብዬ ነበር። ባለ 8 ሚሊ ሜትሩን የዓይን ሌንስ አስገብቼ ወደ 228 እጥፍ ስወጣ የሰማዩ ጀርባ ጠቆረ፣ ጋላክሲዎቹም ሰፉ። ዓይን ደብዛዛ ነገርን የሚይዘው ሰፋ ሲልለት ነው።

የከተማው መብራትም በጎን እየገባ ያስቸግረኝ ነበር። ጋቢዬን ከነሌንሱ ተከናነብኩና ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ። ዓይኔን ትንሽ ገለል አድርጌ ሳይ አንድ ስስ ጭጋግ መጣ። ደብዛዛ ነገር ሲንቀሳቀስ ለዓይን ይቀላልና ቱቦውን በጣቴ ነካ አደረግሁት። ጭጋጉ ተከፋፈለ፤ ሦስት፣ ከዚያ አራት! እጄ ተንቀጠቀጠ።

ከመካከላቸው ኤንጂሲ 7320 ወደ 40 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ነው የምትርቀው። የሌሎቹ ብርሃን ግን 290 ሚሊዮን ዓመት ያህል ተጉዞ ነው ጋቢዬ ውስጥ የገባው። አምስተኛዋን ነገ ማታ እሞክራለሁ።