የቢላ ሠሪዎችና ሰብሳቢዎች ትርዒት እንዴት ይዘጋጃል?

አሜሪካ ውስጥ የእጅ ሥራ ቢላ ትርዒት የሚያዘጋጅ ሰው ከአዳራሹ በፊት ቀኑን ይቁረጥ። ትልቁ የቢላ ትርዒት፣ ብሌድ ሾው፣ በየዓመቱ ጁን ላይ አትላንታ ይካሄዳል፤ በዚያው ሳምንት የተጠራ ሌላ ትርዒት ጠረጴዛው ባዶውን ይቀራል። የስቴቱን የቢላ ሕግም አስቀድሞ ማጣራት ነው። በአውሮፕላን ለሚመጡት ደግሞ ቢላ የሚገባው በሚጫነው ሻንጣ ብቻ መሆኑን ጽፎ መላክ አይከፋም፤ የሚረሳው አይጠፋም።

ለአንድ ሠሪ ባለ 8 ጫማ ጠረጴዛ ይበቃል። በረድፎች መካከል 3 ሜትር ያህል ይተው፤ ስለት ባለበት መገፋፋት ቀልድ አይደለም።

ጠቡ የሚነሳው በር ሲከፈት ነው። ስመ ጥሩ ሠሪ 5 ቢላ ይዞ 60 ሰው ሲሻማበት፣ “ቀድሞ የደረሰ ይውሰድ” ማለት ሩጫ ማስነሳት ነው። ዕጣ ይሻላል፦ ጠዋት ስም በወረቀት ይሰብሰብ፣ የሚወጣበት ሰዓት ይለጠፍ፣ ሲጠራ ያልተገኘ ይታለፍ።

የካርቦን ብረት የጣት ላብ ከነካው ቶሎ ይዝጋል። ስለዚህ በየጠረጴዛው ለስላሳ ጨርቅና ጥቂት የማዕድን ዘይት ይኑር፤ ጎብኚውም ሰንጢ ከመክፈቱ በፊት ባለቤቱን ያስፈቅድ። ማታ ጠረጴዛ በጨርቅ መሸፈን ብቻውን ጥበቃ አይደለም፤ አዳራሹ ይቆለፍ፣ ዘበኛም ይደር።