ጥቁሩም ውሃ፣ ነጩም ውሃ፦ የጎርፍ ካርታ ከሳተላይት ምስል

ወዳጄ ደውሎ «እስቲ ከላይ እየው፣ ውሃው ቤቴ ገብቷል?» አለኝ። 2017፣ ኦገስት መጨረሻ ነው። ሃርቪ የተባለው ሃሪኬን (የባሕር አውሎ ነፋስ) ቴክሳስ፣ ሂውስተን ላይ ቁጭ ብሎ አልነሳ ብሏል። እሱ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ዳላስ ዘመድ ቤት ሸሽቷል። እኔ ደቡብ ምዕራብ ሂውስተን፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። የራዳር ምስሉን አየሁ። የሱ ሰፈር ላይ አንድም ጥቁር ነጥብ የለም። «አይዞህ፣ ሰፈርህ ንጹህ ነው» አልኩት።

ሄዶ በሩን ሲከፍት ግድግዳው ላይ ውሃው የተወው መስመር ጉልበቱ ጋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ የጎርፍ ካርታ ሠርቻለሁ። ሥራዬም ሆኗል። ሰው «እንዴት ነው የሚሠራው?» ሲለኝ ግን አሁንም የምጀምረው ከዚያ ስህተት ነው። ያደግኩት ወረታ ነው። ርብ ሞልቶ ፎገራ ሜዳ ላይ ሲተኛ ከጣሪያ ላይ ሆኜ አይቻለሁ። ጎርፍ አውቃለሁ ብዬ ነበር። የሜዳ ጎርፍና የከተማ ጎርፍ ግን ከሰማይ ሲታዩ አንድ አይደሉም።

ለምን ራዳር?

ሃርቪ የገባው ኦገስት 25 ማታ ነው፣ በእኛ ነሐሴ 19 ቀን 2009። ሮክፖርት አጠገብ ሲመታ ደረጃ 4 ነበር፣ ነፋሱ በሰዓት 215 ኪሎ ሜትር። ከዚያ ፍጥነቱን ቀንሶ ለቀናት ዘነበ። ኔደርላንድ የምትባል የቴክሳስ ከተማ 1,539 ሚሊ ሜትር ተለካ። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከምታገኘው በላይ ማለት ነው።

በዚያ ሰሞን የተራ ካሜራ ሳተላይት ብትከፍቱ የምታዩት ባዘቶ ብቻ ነው። ደመና፣ ደመና፣ ደመና። ስለዚህ ሴንቲኔል 1ን ክፈቱ። የአውሮፓ ነው፣ ምስሉም ለሁሉም ነፃ ነው። ይሄ ሳተላይት ፀሐይን አይጠብቅም። የራሱን የራዳር ምት ይልክና የሚመለሰውን ይመዘግባል። ስለዚህ ሌሊት አያግደውም፤ ሞገዱ 5.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደመናም አያግደውም።

ጸጥ ያለ ውሃ ለራዳር መስታወት ነው። ምቱ ከጎን መጥቶ ይነጥርና ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ወደ ሳተላይቱ የሚመለስ የለም። ስለዚህ ውሃ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ሳሩ፣ ማሳው፣ ቁጥቋጦው ሻካራ ስለሆነ ምቱን ይበትነዋል፣ ከፊሉም ይመለሳል። እሱ ግራጫ ነው። ጀማሪ የሚማረው ይሄን ነው፤ እኔም ያኔ የማውቀው ይሄን ብቻ ነበር።

ምስል አመራረጥ

ኮፐርኒከስ ብራውዘር የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በኢሜይል ተመዝገቡ። ምስሉን እዚያው ማየት ይቻላል። አንዱን ሙሉ ምስል ላውርድ ካላችሁ ግን 1 ጊጋባይት አካባቢ ነው። ኢንተርኔታችሁ የሚያስቸግር ከሆነ በጉግል ኧርዝ ኤንጂን ሥሩ። ሒሳቡ እነሱ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ እናንተ የምታወርዱት ውጤቱን ብቻ ነው። ለንግድ ካልሆነ ነፃ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ዩኤን ስፓይደር ለጎርፍ ካርታ የሚሆን ዝግጁ ኮድ በነፃ አስቀምጧል። ምሳሌው በ2019 ሞዛምቢክ ውስጥ ቤይራ ከተማን የመታው አይዳይ የተባለው አውሎ ነፋስ ነው። ቦታውንና ቀኑን ቀይሩና አስኪዱት። ኮድ አላውቅም ብሎ መሸሽ አያስፈልግም፣ እኔም ስጀምር አላውቅም ነበር።

ሁለት ምስል ያስፈልጋችኋል፦ አንድ ከጎርፉ በፊት፣ አንድ በጎርፉ ጊዜ። ለሃርቪ የበፊቱን ከኦገስት 1 እስከ 24፣ የኋላውን ከኦገስት 28 እስከ ሴፕቴምበር 1 ባለው ውስጥ ፈልጉ። ሁለቱም በአንድ የጉዞ መስመር የተነሱ ይሁኑ። ሳተላይቱ አንዴ ወደ ሰሜን ሲወጣ፣ አንዴ ወደ ደቡብ ሲወርድ ያነሳል። የወጣውን ከወረደው ጋር ካወዳደራችሁ ግድግዳው ሁሉ በሌላ በኩል ስለሚታይ ከተማው በሙሉ «የተለወጠ» ይመስላል። እኔ በዚህ አንድ ሙሉ ቅዳሜ አባክኛለሁ።

ሌላ ወጥመድ ቀኑ ነው። ምስሉ ላይ የተጻፈው ሰዓት ዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ሴንቲኔል 1 ሂውስተን ላይ ምሽት ሲያልፍ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ አልፎ ነው። ያኔ በዓለም አቀፉ ሰዓት እኩለ ሌሊት አልፏል። ስለዚህ ኦገስት 29 ማታ የተነሳው ኦገስት 30 ተብሎ ይመዘገባል። በጎርፍ ሥራ የአንድ ቀን ልዩነት ቀላል አይደለም። ሂውስተን ውስጥ ከአዲክስና ከባርከር ግድቦች ውሃ መልቀቅ የተጀመረው ኦገስት 28፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ከግድቦቹ በታች ቡፋሎ ባዩ የሚባለው ወንዝ ዳር ያሉ ብዙ ቤቶች የተጥለቀለቁት ከዚያ በኋላ ነው። 27 ላይ የተነሳ ምስል ስለእነሱ ምንም አይነግራችሁም።

ሒሳቡና ጽዳቱ

የራዳር ምስል ጠቃጠቆ ይበዛዋል። መጀመሪያ በማጣሪያ አለስልሱት። ኮዱ ላይ 50 ሜትር ዙሪያ ተቀምጧል፣ ለመነሻ ይበቃል። ምስሉ ካሉት ንብርብሮች ቪኤች (VH) የሚባለውን ምረጡ። ሌላው ንብርብር፣ ቪቪ (VV)፣ ላይ ነፋስ ያናወጠው ውሃ ብሩህ ሆኖ ያታልላል፤ በሃሪኬን ጊዜ ደግሞ ነፋስ አይጠፋም።

ከዚያ የኋላውን ለበፊቱ ታካፍላላችሁ። ቁጥሮቹ በዴሲቤል ናቸው (የተመለሰው ምት ጥንካሬ መለኪያ ነው)፣ ሁሉም ከዜሮ በታች። አንድ ማሳ በፊት ከዜሮ በታች 16 ነበር እንበል፣ አሁን ከዜሮ በታች 22 ሆነ። 22 ለ16 ሲካፈል 1.375። ወሰኑ 1.25 ነው። አልፏል፣ ስለዚህ ጎርፍ። ከ16 ወደ 18 ብቻ ከወረደ 1.125 ነው፣ አይቆጠርም። ዴሲቤልን በዴሲቤል ማካፈል የሒሳብ ሰዎችን ያበሳጫል፣ እውነታቸውንም ነው። ለፈጣን ካርታ ግን ይሠራል። 1.25ን እንደ ሕግ አትያዙት። ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ የምታውቁት ቦታ ላይ ፈትሹት።

«ጥቁሩን ብቻ ቀለም ብቀባው ምን አለበት?» የሚል አይጠፋም። የአውሮፕላን ማኮብኮቢያም ጥቁር ነው፣ ሰፊ አስፋልትም ጥቁር ነው፣ ደረቅ አሸዋም እንዲሁ። እነሱ ግን በፊትም ጥቁር ነበሩ። ከበፊቱ ጋር ስታወዳድሩ በራሳቸው ይወድቃሉ።

ከዚያ ጽዳት። በዓመት 10 ወርና ከዚያ በላይ ውሃ የሚተኛበትን ቦታ አውጡ፣ ሐይቅና ወንዝ ነው። ተዳፋቱ ከ5 በመቶ በላይ የሆነውን አውጡ፣ ውሃ እዚያ አይተኛም። ተያይዘው 8 ያልሞሉ ፒክስሎችንም (የምስሉን ትንንሽ ነጥቦች) ጣሉ። እዚህ ሂውስተን አንድ ነገር ይገርማል። አዲክስና ባርከር ግድብ ይባሉ እንጂ በአዘቦት ቀን ደረቅ ናቸው። ሰው ይሮጥባቸዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱባቸዋል። ስለዚህ በጽዳቱ አይወጡም፣ ካርታው ላይ ትልቅ ጎርፍ ሆነው ይታያሉ። ስህተት አይደለም። ውሃው በእርግጥ ነበር፣ በግድቡ የውሃ መተኛ ውስጥ የተሠሩ ቤቶችም ነበሩ። ወዳጄ ቤት የገዛው ከባርከር በስተ ምዕራብ፣ እዚያው ጠርዝ ላይ ነው።

ሩዝ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከሂውስተን በስተ ምዕራብ ያለችው ኬቲ ድሮ የሩዝ አገር ነበረች። ካርታዬ ላይ በዚያ በኩል ቀጥ ያለ ጠርዝ ያላቸው አራት ማዕዘን «ጎርፎች» ሳይ ሳቄ መጣ። ጎርፍ በገመድ ተለክቶ አይተኛም። ገበሬ ያስገባው ውሃ ነው። ፎገራ ላይም ብትሞክሩት ያው ነው። የበፊቱን ምስል ከበጋ ከወሰዳችሁ የክረምቱ የሩዝ ማሳ ሁሉ በጎርፍ ተጠራርጎ ያለቀ ይመስላል። ከጎርፉ ጥቂት ቀን ቀደም ያለውን ውሰዱ፣ ያለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅትንም ጎን ለጎን ተመልከቱ።

ከተማው ላይ ምን ሆነ?

አሁን ወደ ወዳጄ ሳሎን። መንገዱ ላይ ውሃ ተኝቷል፣ ቤቶቹ ደግሞ ቆመዋል። የራዳሩ ምት ውሃው ላይ ነጥሮ ግድግዳውን ይመታል፣ ከግድግዳው ተመልሶ በቀጥታ ወደ ሳተላይቱ ይሄዳል። ሁለቴ ስለነጠረ ጠንክሮ ይመለሳል። ስለዚህ የተጥለቀለቀ ሰፈር አይጠቁርም፣ እንዲያውም ያበራል። እኔ ጥቁር ስፈልግ ውሃው ነጭ ሆኖ ፊቴ ላይ ነበር።

ምን ይደረግ? ከበፊቱ ይልቅ የበራውን ሁሉ በሌላ ቀለም አውጡት። ለዚህ ወሰን ቁጥር አልሰጣችሁም፣ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። ከሳተላይቱ ጉዞ ጋር ትይዩ የሆኑ መንገዶች አብዝተው ያበራሉ፣ አግድም የዞሩት ብዙም አይለወጡም። ዛፍ የበዛበት ሰፈር ደግሞ ይደበቃል። ስለዚህ ይሄን ቀለም «ጎርፍ» አትበሉት። እኔ «የሚጠረጠር» ነው የምለው። ደመናው እንደተገፈፈ የካሜራ ሳተላይት የሆነውን የሴንቲኔል 2ን ምስል ክፈቱና አረንጓዴውን ብርሃን ዓይን ከማያየው አጭር ኢንፍራሬድ ጋር አወዳድሩ፣ ባንድ 3 እና ባንድ 11 ናቸው። ውሃ አረንጓዴውን ትንሽ ይመልሳል፣ ኢንፍራሬዱን ግን ይውጠዋል። ችግሩ ሰማዩ ሲጠራ ከመንገድ ላይ ብዙው ውሃ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

የጉዳት ካርታ ሌላ ሥራ ነው

ውሃ የት ደረሰ እና ምን ተበላሸ ሁለት ጥያቄ ናቸው። በ10 ሜትር ፒክስል የአንድ ቤት ጣሪያ አይለይም። ለጉዳት የግማሽ ሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ የጠራ ምስል ያስፈልጋል። የአሜሪካው የውቅያኖስና ከባቢ አየር አስተዳደር፣ ኖአ፣ ከሃሪኬን በኋላ በአውሮፕላን አንስቶ ምስሉን በነፃ ይለቃል። ለሃርቪም ለቆ ነበር። ቀድሞ ማክሳር ይባል የነበረው፣ አሁን ቫንቶር የሚባለው የሳተላይት ኩባንያም በትልልቅ አደጋ ጊዜ የበፊትና የኋላ ምስል በነፃ ያወጣል።

ኪውጂአይኤስ (QGIS) የሚባለው ነፃ የካርታ ሶፍትዌር ላይ የበፊትና የኋላውን ጎን ለጎን ክፈቱ። የቤቶችን ቅርጽ ከኦፕን ስትሪት ማፕ አምጡና አንድ በአንድ እዩ። አሰልቺ ነው። ቡና አፍሉ። ብዙ ድርጅት ጉዳትን በአራት ደረጃ ይከፍላል፦ ደህና፣ ትንሽ፣ ከባድ፣ የወደመ። እኔ ለጀማሪ አልመክርም። «ትንሽ»ን ከ«ከባድ» ከላይ ሆኖ መለየት እንኳን ለጀማሪ ለእኔም ከብዶኛል። «ጉዳት ታይቷል»፣ «አልታየም»፣ «ማየት አልተቻለም» ይበቃል። «አልታየም» እና «የለም» አንድ አይደሉም። ፀሐዩ በሌላ በኩል ስትሆን ጥላው የተቀደደ ጣሪያ ስለሚመስል በዚህም ተጠንቀቁ። ከተቻለ ሁለት ሰው ሳይነጋገር ለየብቻ ይየው።

ሮክፖርት ነፋስ ነው የመታት። ጣሪያው ሄዷል፣ ከሳምንት በኋላ ሰማያዊ ሸራ ለብሷል፣ ከላይ በደንብ ይታያል። ሂውስተን ግን ጣሪያው ሁሉ ደህና ነው። የተበላሸው ከጣሪያው ሥር ነው። ታዲያ ምን ይታያል? ቁልል። ሰው ውሃው ሲሸሽ ምንጣፉን፣ ፍራሹን፣ የግድግዳውን ጂፕሰም እያወጣ መንገድ ዳር ይከምራል። በሴፕቴምበር ምስል ላይ ይሄ ቁልል በረድፍ ይታያል፣ ቤት ለቤት። የዚያን ዓመት እንቁጣጣሽ፣ ሴፕቴምበር 11፣ እኛም የወዳጄን ምንጣፍ ስንጎትት ነው የዋልነው። በኋላ ያንን ቁልል ከላይ አገኘሁት።

ስልኩ

ካርታው ሲያልቅ ስልክ ያዙ። የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ከሃርቪ በኋላ ውሃው ግድግዳና ዛፍ ላይ የተወውን ምልክት እየዞረ ለክቷል፣ መረጃውም ክፍት ነው። እሱ በሌለበት አገር ሰው ነው መለኪያው። «ጎርፍ ገብቷል?» አትበሉ። «ውሃው ስንተኛው ደረጃ ላይ ደረሰ? በስንት ሰዓት?» በሉ። እኔ ከቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች አሥራ ሁለት ቤት ደውዬ ነበር። ካርታዬ ስድስቱን አላየም። ስድስቱም ከተማ መሃል ነበሩ።

ካርታው ግርጌ የሳተላይቱን ስም፣ የምስሉን ቀንና ሰዓት በአካባቢው አቆጣጠር ጻፉ። ከዚያ በወፍራሙ፦ «ቀለም የሌለበት ቦታ ደረቅ ነው ማለት አይደለም።»

ኖቬምበር ላይ የሃርቪን ካርታ እንደገና ሠራሁት፣ የሚጠረጠረውን በብርቱካናማ አድርጌ። የወዳጄ መንገድ ከጫፍ ጫፍ በራ። ላክሁለት። እሱ ያኔ አዲሱን ወለል እያስነጠፈ ነበር። የጻፈልኝ መልስ ሁለት ቃል ነው፦ «አሁን ነገርከኝ?»