ሚኒሶታ ውስጥ የካናቢስ ንግድ ከመጀመራችሁ በፊት፦ ብዙ የሚያስከፍሉ ስህተቶች

ሚኒሶታ ካናቢስን (ማሪዋናን) ለአዋቂዎች የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ገዥው ቲም ዎልዝ ሕጉን ሜይ 30 ቀን ፈረሙ። ከኦገስት 1 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላው ሰው መያዝ ተፈቀደለት። ከነባር ሕዝቦች (ከኔቲቭ አሜሪካውያን) ይዞታ ውጭ ያሉ ሱቆች ግን መሸጥ የጀመሩት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2025 መስከረም ነው። እስከዚያው እኛ ሰፈር ወሬው ሁሉ ይኸው ሆነ። ቡና ላይ ቁጭ ሲባል "እንግባበት እንዴ?" የሚል አይጠፋም። የንግድ ወረቀት ስለምሠራ ለእኔም ብዙ ሰው ይደውላል። በእምነት በኩል ይገባል አይገባም የሚለውን ለየቤታችሁ ትቼዋለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሰው ነገሩን ከመጨረሻው ይጀምረዋል።

ግሪን ካርድ ይዞ መግባት

ከሁሉ የሚከፋው ይኼ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

ስቴቱ ፈቀደ ማለት ፌዴራሉ ፈቀደ ማለት አይደለም። የኢሚግሬሽን ጉዳይ ደግሞ የሚታየው በፌዴራል ሕግ ነው። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በኤፕሪል 2019 ያወጣው መመሪያ ነገሩን በግልጽ አስቀምጦታል። ሥራው በስቴቱ ሕጋዊ ቢሆንም እንኳ ዜግነት የሚጠይቅ ሰው በካናቢስ ሥራ ምክንያት "መልካም ሥነ ምግባር የለውም" ሊባል ይችላል። በዚያው ዓመት ዴንቨር ውስጥ ሁለት ስደተኞች በዚሁ ምክንያት ዜግነት ተከለከሉ። የከተማዋ ከንቲባ ለፌዴራሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ እስከ መጻፍ ደረሱ። እነዚያ ሰዎች ባለሱቅ አልነበሩም። ተቀጣሪዎች ነበሩ።

የዜግነት ቅጹ ዕፅ አምርታችሁ፣ አከፋፍላችሁ ወይም ሸጣችሁ ታውቁ እንደሆነ ይጠይቃል። "አዎ" ብትሉ በራሳችሁ ላይ መሰከራችሁ። "አይ" ብትሉ ለመንግሥት ዋሻችሁ። ፈቃዳችሁን ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ፣ ታክሳችሁን በሰዓቱ ከፍላችሁም ቢሆን ያው ነው።

ጣጣው ለቤተሰብም ይተርፋል። ዜጋ ያልሆነች ሚስት ወይም ልጅ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ እያወቁ ከተጠቀሙ፣ የፌዴራሉ ሕግ ለአምስት ዓመት ያህል እነሱንም ሊነካ ይችላል። ለሠርግ ወይም ለለቅሶ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ኤርፖርት ላይ ጥያቄ ሊነሳበት የሚችለው ሰውም ይኼው ባለ ግሪን ካርድ ነው። "የእህቴ ልጅ ካሽ ላይ ትቁምልኝ" ከማለታችሁ በፊት ወረቀቷ ምን እንደሆነ ጠይቋት። ዜጋ ካልሆነች እባካችሁ አታስገቧት። ለእሷ ያሰባችሁት ውለታ ዕድሜ ልክ የሚያስቆጭ ሊሆን ይችላል።

ፌዴራሉ ዕፆችን በየመደቡ ይዘረዝራል፤ ጥብቁ የመጀመሪያው ነው። ካናቢስ በዚህ ዝርዝር ወደ ሦስተኛው መደብ ሲወርድ ይኼ ሁሉ የሚቀር የሚመስላቸው አሉ። ሦስተኛው መደብም ቁጥጥር የሚደረግበት ዕፅ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ዜግነት፣ ከዚያ ንግድ። የምታማክሩትም የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይሁን። የንግድ ጠበቃው ይኼን ላያነሳላችሁ ይችላል።

ስም ማዋስ፣ የዕቁብ ገንዘብ ማስገባት

ሚኒሶታ ቀደም ሲል በካናቢስ ክልከላው ለተጎዱ ሰዎችና ሰፈሮች ፈቃድ ለማግኘት የተለየ ዕድል ሰጥታለች። ድህነት በበዛበት ወይም ፖሊስ በካናቢስ ብዙ ሰው ባሰረበት አካባቢ አምስት ዓመት የኖረ ሰው በዚህ ዕድል ሊገባ ይችላል። ብዙ ወገኖቻችን በዚህ ያልፋሉ። ግን ከንግዱ ድርሻ ቢያንስ 65 በመቶው የእነዚህ ሰዎች መሆን አለበት። የምሩንም ባለቤት መሆን አለባቸው።

እዚህ ላይ ነው "ስምህን ብቻ ስጠኝ፣ ገንዘቡ የኔ ነው" የሚል ሰው ብቅ የሚለው። ውሉ ሲነበብ ወሳኙ እሱ፣ ትርፉም የእሱ ነው። ስቴቱ ከጀርባ ማን እንዳለ ይጠይቃል፤ በ2024ም በዚህና በመሳሰለው ምክንያት ብዙ ማመልከቻ ወድቋል። ስም ያዋሰው ሰው ስሙ ይጎድፋል፣ ዕዳውም እሱ ላይ ይቀራል።

ዕቁብም እንደዚሁ ነው። ዕቁብ የቆመው በመተማመን ነው። ክፋቱ መተማመን ማመልከቻ ላይ አይጻፍም። የመነሻ ገንዘባችሁ ከየት እንደመጣ በወረቀት ማሳየት ይኖርባችኋል። ዕጣ ከደረሳችሁ ገንዘቡን ቀድማችሁ ባንክ አስገቡ፣ ማን ምን እንደሰጠ በጽሑፍ ያዙ። ወንድም ያበደረውም ቢሆን የብድር ውል ይኑረው። "ከወንድሜ ጋር ምን ውል ያስፈልጋል" አትበሉ።

ታክሱን እንደ ሬስቶራንት ማስላት

በፌዴራል ታክስ ሕግ ውስጥ ቁጥሩ 280ኢ የሆነ አንቀጽ አለ። መነሻው እዚሁ ሚኒያፖሊስ ነው። አንድ ዕፅ አዘዋዋሪ በ1981 ፍርድ ቤት ቀርቦ ወጪዬ ይቀነስልኝ ብሎ ረታ። ኮንግረስ በዓመቱ በሩን ዘጋው። ካናቢስ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው መደብ እስካለ ድረስ ነጋዴው የዕቃውን ዋጋ እንጂ ኪራይ፣ ደመወዝ፣ ማስታወቂያ መቀነስ አይችልም።

በቁጥር እንየው። ሱቁ በዓመት 1,000,000 ዶላር ሸጠ እንበል። ዕቃው 500,000 ፈጀ። ኪራይና ደመወዝ 400,000። እጃችሁ የቀረው 100,000 ነው። የፌዴራል ታክሱ የሚሰላው ግን በ500,000 ላይ ነው። በ21 በመቶ 105,000 ዶላር ይመጣል። አትርፋችሁ ሳለ ከኪሳችሁ 5,000 ጨመራችሁ ማለት ነው። ወደ ሦስተኛው መደብ የማውረዱ ሐሳብ በሜይ 2024 በይፋ ቀርቧልና፣ በምትከፍቱበት ዓመት የሚሠራው የትኛው እንደሆነ ካናቢስ የሚያውቅ አካውንታንት ጠይቁ። ሬስቶራንታችሁን የሚሠራላችሁ ሰው ጎበዝ ቢሆንም ይኼን ላያውቅ ይችላል።

ደንበኛው የሚከፍለውም አለ። ከጁላይ 2025 ጀምሮ የስቴቱ የካናቢስ ታክስ ከ10 ወደ 15 በመቶ ወጥቷል። ሚኒያፖሊስ ላይ የሽያጭ ታክሱ ሲደመር መቶ ዶላር ዕቃ ላይ ወደ 24 ዶላር ይጨመራል። ዋጋ ስታወጡ ይኼን አስቡ።

ከፈቃዱ በፊት ቤት መከራየት

የማውቀው ሰው ጥግ ላይ ያለች ጥሩ ቤት አየና እንዳታመልጠው ፈረመ። ስምንት ወር ባዶ ቤት ኪራይ ከፈለ። ከተማው ቦታውን አልፈቀደለትም፤ ትምህርት ቤት ቅርብ ነው። በሚኒሶታ ከተሞች ከትምህርት ቤት እስከ 1,000 ጫማ፣ ከሕፃናት ማቆያ እስከ 500 ጫማ ድረስ መከልከል ይችላሉ። የሱቆቹንም ቁጥር ለ12,500 ነዋሪ አንድ እስከማድረግ መገደብ ይችላሉ። ሱቁን የሚመዘግበውም ከተማው ወይም ካውንቲው ነው። ቤት ከማየታችሁ በፊት የከተማውን የዞኒንግ (የቦታ አጠቃቀም) ክፍል አነጋግሩ። ውሉ ላይም "ፈቃድ ካልተገኘ ይፈርሳል" የሚል ይግባ። አከራዩ የባንክ ዕዳ ካለበት ባንኩ ካናቢስ ይፈቅድ እንደሆነ ያረጋግጥላችሁ።

ስለ ባንክ ካነሳሁ፣ የመንግሥት የአነስተኛ ንግድ ብድር ለዚህ ሥራ የለም። ክሬዲት ካርድም አይሠራም። ብዙው ሽያጭ በካሽ ስለሆነ የጥበቃና የካዝና ወጪ ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ ይግባ።

ዕጣውን ብቻ መጠበቅ

በጁን 2025 ስቴቱ ቁጥራቸው ለተገደበ ፈቃዶች ዕጣ ሲያወጣ ሁሉም ዓይኑን የጣለው የችርቻሮ ፈቃድ ላይ ነበር። ማይክሮቢዝነስ የሚባለው ፈቃድ ግን ቁጥሩ አልተገደበም። ማመልከቻው 500 ዶላር ነው፤ የችርቻሮው 2,500። በእሱ እስከ 5,000 ስኩዌር ጫማ ቤት ውስጥ ማብቀልና አንድ ሱቅ መክፈት ይቻላል።

ይኼ የሚጠቅመው ክፍያው ስለሚያንስ ብቻ ሳይሆን ዕቃውን ራሳችሁ ማብቀል ስለምትችሉም ነው። በ2025 መጸው የተከፈቱ ሱቆች መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጡት አጥተው ነበር። ፈቃድ ያለው አብቃይ ጥቂት ነበርና። ተክሉ ተተክሎ፣ አብቦ፣ ደርቆ፣ በላቦራቶሪ ተመርምሮ ለሽያጭ እስኪደርስ አራት አምስት ወር ይፈጃል። እንደ ኋይት ኧርዝ ያሉ ነባር ሕዝቦች ቀድመው ስለጀመሩ ለስቴቱ ገበያ የማቅረብ ስምምነት ፈርመዋል። ከዊስኮንሲን ወይም ከኢሊኖይ ማምጣት ደግሞ የፌዴራል ወንጀል ነው። የመክፈቻውን ቀን ከመወሰናችሁ በፊት ከአንድ አብቃይ የተፈረመ የአቅርቦት ውል እጃችሁ ላይ ይኑር።