የፊት መብራት ሲደበዝዝ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሄው

ማታ ስትነዱ መብራታችሁ ሩቅ አልደርስ ካለና ብርሃኑም ገርጥቶ ቢጫ ከመሰለ፣ አምፖል ከመግዛታችሁ በፊት በቀን መኪናው ፊት ቁሙና ሌንሱን በደንብ እዩት። ወተት የተቀባ ወይም ሻይ የፈሰሰበት ከመሰላችሁ አምፖሉ ላይ አትፍረዱ። የአሜሪካው አውቶሞቢል ማህበር ኤኤኤ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2018 ባወጣው የሙከራ ውጤት፣ ክፉኛ የደበዘዘ መብራት የሚሰጠው ብርሃን አዲሱ ከሚሰጠው 20 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። በአግባቡ ሲታደስ ደግሞ ወደ 70 በመቶ ገደማ ተመልሷል። በጨለማ መንገድ የሚሻገር ሰውን በጊዜ አይቶ ፍሬን ለመያዝ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ይህን ሥራ ከመኪና ማሳመር የማልቆጥረውም ለዚህ ነው።

የድሮ መኪኖች የመብራት ሌንስ ብርጭቆ ነበር። በፈረንጆቹ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ግን አምራቾች ፖሊካርቦኔት ወደሚባል ፕላስቲክ ዞሩ። ቀላል ነው፣ እንደተፈለገው ቅርጽ ይይዛል፣ ጠጠር ሲመታውም አይበታተንም። ጉዳቱ ሁለት ነው፤ በቀላሉ ይጫራል፣ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረርም ያገረጣዋል። ስለዚህ ፋብሪካው በላዩ ጠንካራ ግልጽ ቅብ ይለብጥበታል። ለዓመታት ፀሐይ፣ አቧራና አሸዋ ሲፈራረቁበት ያ ቅብ ይሞታል። መደብዘዝ የምንለው በአብዛኛው የዚህን ቅብ መሞት ነው።

ከሁሉ በፊት የውሃ ሙከራ

ሌንሱን በሳሙና አጥባችሁ አድርቁት። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ አሳልፉበትና ውሃው ሳይደርቅ እዩት። ውሃው እንደነካው ጠርቶ፣ ሲደርቅ ተመልሶ የሚደበዝዝ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ ጉዳቱ ከውጭ ነው፣ በእጃችሁ ታድኑታላችሁ። ውሃው ጥቃቅን ጭረቶችን ለጊዜው ስለሚሞላቸው ነው የሚጠራው። ውሃ ነክቶትም ያው ጭጋግ ካለ ግን ችግሩ ከውስጥ ነው፣ ወይም ፕላስቲኩ ውስጥ ዘልቆ ገብቷል። እንዲህ ሲሆን ውጩን ቀኑን ሙሉ ብታሹት ለውጥ አታዩም። ብዙ ድካም በከንቱ የሚያልፈው ይህችን የአንድ ደቂቃ ሙከራ በመዝለል ነው።

ሌላም አለ። በጥፍራችሁ ሌንሱን መታ መታ አድርጉት። ድምፁ ቀጭንና የሚያቃጭል ከሆነ ብርጭቆ ነው፤ ከዚህ በታች የምለው የማሸት ሥራ ለእሱ አይሆንም።

ምልክት፦ ቢጫ ወይም ነጣ ያለ፣ ሲነካ ሻካራ፣ ውሃ ሲነካው የሚጠራ

መንስኤው ያለቀ የፋብሪካ ቅብ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ግማሽ ይብሳል፣ ፀሐይ ቀጥታ የሚያርፍበት እሱ ነውና።

የሚያስፈልጋችሁ በውሃ የሚሠራ የብርጭቆ ወረቀት ባለ 800፣ 1200፣ 2000 እና 3000 ቁጥር፣ በውሃ የተሞላ መርጫ፣ ጥቂት የእቃ ሳሙና፣ የወረቀት ፕላስተር፣ የፕላስቲክ ፖሊሽ፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ አይሶፕሮፒል አልኮልና መጨረሻ ላይ የሚቀባው አልትራቫዮሌት የሚከላከል ቅብ ነው። የመጨረሻውን ሳትይዙ ሥራውን አትጀምሩ። ምክንያቱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

በሌንሱ ዙሪያ ያለውን ቀለም በፕላስተር ሁለት ድርብ ሸፍኑ። አንድ ድርብ ብቻ ከሆነ የወረቀቱ ጠርዝ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያልፍበት ይበሳና የኮፈኑን ወይም የባምፐሩን ቀለም ይልጣል።

ወረቀቶቹን ለጥቂት ደቂቃ ሳሙና ባለው ውሃ ዘፍዝፉ። ከዚያ በ800ው ጀምሩ፤ ውሃ እየረጫችሁ፣ ሳትጫኑ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ። መጀመሪያ ወረቀቱ ይይዛል፣ ይንሸራተታል፣ እንደገና ይይዛል፤ ቅቡ ቦታ ቦታ ላይ ስላለ ነው። የሚወርደውን ውሃ ተመልከቱት። ቢጫ የተቀላቀለበት ወተት ይመስላል፣ በጣት ሲነካም ያሟልጫል። ያ አሮጌው ቅብ ነው። እያሻችሁ ስትሄዱ ውሃው ቢጫነቱን ትቶ ንጹህ ነጭ ይሆናል፣ ወረቀቱም ሳይዝ እኩል መሄድ ይጀምራል። እዚህ ላይ ቁሙና ሌንሱን አድርቁት። በደበዘዘው መካከል እንደ ደሴት የሚያብለጨልጭ ቦታ ካለ ቅብ ቀርቶበታልና እሱን ጨርሱ። ሌንሱ አሁን ከጀመራችሁበት ጊዜ የባሰ ነጭ መስሎ ሊያስደነግጣችሁ ይችላል። አትደንግጡ፣ በሁሉም ቦታ እኩል ከነጣ ሥራው በትክክለኛው መንገድ ላይ ነው።

1200ውን ስትይዙ አቅጣጫ ቀይሩ፤ አሁን ከላይ ወደ ታች። ይህ ቀላል ነገር የሥራው ቁልፍ ነው። አቅጣጫ ስትቀይሩ የበፊቱ ወረቀት የተወው አግድም ጭረት በዓይን ይለያል፤ አንዱም አግድም መስመር እስኪጠፋ ድረስ ወደሚቀጥለው ቁጥር አትለፉ። 2000ው ተመልሶ አግድም፣ 3000ው እንደገና ቁልቁል። በየመሃሉ ሌንሱን በንጹህ ውሃ እጠቡ፤ ከሻካራው ወረቀት የቀረች አንዲት ቅንጣት ከለስላሳው ሥር ገብታ ረጅም ጭረት ትሰራለችና።

ከ3000ው በኋላ ሌንሱ በረዶ የያዘ መስኮት ይመስላል። ፖሊሹን በጨርቅ ወይም በመሰርሰሪያ ላይ በሚገጠም ስፖንጅ ወልውሉት። በመሰርሰሪያ ከሆነ በዝቅተኛ ፍጥነት ይሁን፣ አንድ ቦታ ላይም አትቆዩ። ፖሊካርቦኔት 147 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል፤ በፍጥነት የሚሽከረከር ስፖንጅ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ላዩን ያቀልጥና እንደ ጣት አሻራ የማይለቅ ምልክት ይተዋል።

አሁን ወደ ቅቡ። እኔ መጀመሪያ ያደስኩት የወንድሜን መኪና መብራት ነበር። ወልውዬ ስጨርስ ከአዲስ አይለይም ነበር፤ እሱም ደስ ብሎት፣ እኔም ደስ ብሎኝ ተለያየን። ቅብ አልቀባሁበትም። ጥቂት ወራት አልፎ ሲመጣ የላይኛው ጠርዝ ተመልሶ ገርጥቷል፤ "ያ ሁሉ ልፋት ለዚህ ነው?" አለኝ። ልክ ነበር። ሳሽ የገፈፍኩት የተበላሸውን ብቻ አልነበረም፤ የቀረችውን መከላከያም ጨርሼ ነበር። ራቁቱን የቀረ ፖሊካርቦኔት ከመጀመሪያውም ፈጥኖ ይገረጣል። ስለዚህ ደጋግሜ እላለሁ፦ ቅብ የሌለው እድሳት ያላለቀ ሥራ ነው።

ቅቡ ሁለት ዓይነት ነው፣ አዘገጃጀታቸውም ይለያያል። በጨርቅ የሚቀባው ከውልወላው በኋላ ይመጣል። ሌንሱን በአልኮል ጠርጉት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በአንድ እንቅስቃሴ ቀቡ፤ ቀጣዩ መስመር የቀደመውን በትንሹ ይደርብ። ወደኋላ ተመልሳችሁ አትነካኩት፣ መድረቅ ከጀመረ መስመር ያበጃል። የሚረጨው ባለሁለት ክፍል ክሊር ኮት (ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቅ ግልጽ ቅብ) ግን የተወለወለ ገጽ ላይ አይይዝም። ለእሱ በ1000 ወይም በ1200 ጨርሳችሁ ደብዛዛውን ተዉት፤ የቀሩትን ጭረቶች ክሊሩ ራሱ ይሞላቸዋል። ዕድሜው ረጅም ነው፣ እኔም የምመርጠው እሱን ነው። ማጠንከሪያው ውስጥ ግን ሳንባን የሚጎዳ አይሶሲያኔት አለ። ደጅ ላይ፣ ለቀለም ጋዝ በተሰራ ማጣሪያ ባለው ጭምብል ብቻ ርጩት፤ የጨርቅ ማስክ አያድንም። ሁለቱንም በጥላ ሥር፣ ሌንሱ ቀዝቀዝ ሲል፣ ዝናብ በማይጠበቅበት ቀን ሥሩ፤ ለአንድ ቀን ውሃ አይንካው።

ምልክት፦ እንደ ቅርፊት የሚነሳ፣ ጠርዙ የሚታይ ነጭ ገጽ

ቅቡ ሳይበላ ተልጦ እየተነሳ ነው። 800 እሱን ለመግፈፍ ይደክማል፤ በ400 ወይም በ600 ጀምሩና ከዚያ ከላይ ባለው ቅደም ተከተል ቀጥሉ። ግማሹን ገፎ ግማሹን መተው አይቻልም፣ ድንበሩ በአዲሱ ቅብ ሥር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ምልክት፦ የሸረሪት ድር የመሰሉ ጥቃቅን ስንጥቆች

ጥፍራችሁን አሳልፉበት። ጥፍር ከያዘው ላዩ ላይ ነውና በማሸት ሊቀንስ ይችላል። ላዩ ልስልስ ሆኖ ስንጥቁ ከሥሩ ከታየ ፕላስቲኩ ራሱ ተሰንጥቋል፤ መፍትሄው መቀየር ነው።

ምልክት፦ ከውስጥ የሚታይ ጭጋግ ወይም የውሃ ጠብታ

የመብራቱ ቤት ሙሉ በሙሉ የታሸገ አይደለም፤ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ እንዲተነፍስ ትንንሽ መተንፈሻዎች አሉት። ስለዚህ ከእጥበት በኋላ ወይም በቀዝቃዛ ሌሊት የሚታይና መብራቱ ለተወሰነ ጊዜ ሲበራ የሚጠፋ ስስ ጭጋግ ጤነኛ ነው። ኤልኢዲ መብራት ሌንሱን እንደ ሃሎጅን ስለማያሞቀው ጭጋጉ ትንሽ ሊቆይ ይችላል። የሚያሳስበው የሚንጠባጠብ ውሃ ወይም ከታች የተጠራቀመ ኩሬ ነው።

መጀመሪያ የኋላ ክዳኑን እዩ። አምፖል ከተቀየረ በኋላ ክዳኑ በትክክል ሳይገጥም ወይም ጎማው ተጣምሞ መቅረቱ በጣም የተለመደ ነው። ቀጥሎ መተንፈሻው በአቧራ ወይም በነፍሳት እንዳልተደፈነ፣ በመጨረሻም ሌንሱ ከቤቱ ጋር የተጣበቀበት መስመር እንዳልተሰነጠቀ አረጋግጡ። ክዳኑን ከፍታችሁ በፀሐይ ወይም ራቅ ተደርጎ በተያዘ የፀጉር ማድረቂያ አድርቁ። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አታሽጉ፣ ውሃውን ከውስጥ ቆለፋችሁት ማለት ነው። ስንጥቁን ቡቲል በሚባል ጎማ መሰል ማሸጊያ ድፈኑ። የሆምጣጤ ሽታ ያለው ሲሊኮን አትጠቀሙ፤ ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ ውስጥ ያለውን አንጸባራቂ ሊበላው ይችላል። ውሃው እንዲወጣ ብለው ሥሩን የሚበሱም አሉ፤ በዚያ ቀዳዳ አቧራ ይገባል፣ ከውስጥ የተቀመጠ አቧራ ደግሞ ለማውጣት ከውሃ ይልቅ ይከብዳል።

ምልክት፦ ሌንሱ ጥርት ያለ፣ ብርሃኑ ግን ደካማ

የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ከአምፖሉ በላይ ያለው አንጸባራቂ ከጠቆረ፣ ካበጠ ወይም ከተላጠ ተቃጥሏል ማለት ነው። በጣም ስስ የአሉሚኒየም ልባጥ ስለሆነ ጨርቅ ሲነካው ይነሳል፤ ለመወልወል አትሞክሩ። ብዙ ጊዜ መንስኤው ከልኩ በላይ የሆነ አምፖል ነው። መደበኛው ኤች4 የሚባለው አምፖል ለረጅም መብራት 60፣ ለአጭር 55 ዋት ነው፤ 100 ዋት ስታስገቡበት ሙቀቱ አንጸባራቂውን፣ ሶኬቱንና ሽቦውን ይጎዳል። ለተቃጠለ አንጸባራቂ ሙሉውን መብራት ከመቀየር ሌላ በቤት የሚሰራ ጥገና የለም።

አንጸባራቂው ደህና ከሆነ፣ አንዱ ጎን ብቻ የደከመም ከሆነ፣ የግራና የቀኙን አምፖል አቀያይሩ። ድካሙ ከአምፖሉ ጋር ከተዛወረ አምፖሉ አርጅቷል። ብርጭቆው ውስጡ ጠቆር ብሎም ታገኙታላችሁ። አዲሱን ስትገጥሙ ብርጭቆውን በጣት አትንኩ፤ ከጣት የሚቀረው ቅባት ሲግል ብርጭቆውን ያስጨንቀዋል።

ድካሙ እዚያው ከቀረ ኤሌክትሪኩን ለኩ። ሞተሩ ተነስቶ፣ መብራቱ በርቶ፣ በባትሪው ጫፎችና በአምፖሉ ሶኬት ላይ ያለውን ቮልት አወዳድሩ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ካለፈ በመንገድ ላይ የሚጠፋ ኃይል አለ። መጀመሪያ ከቦዲው ጋር የሚታሰረውን የኔጌቲቭ ሽቦ ፈልጉ፤ ዝገቱን አጽድታችሁ መልሳችሁ እሰሩ። ለሃሎጅን አምፖል 10 በመቶ የቮልት መቀነስ ከብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይወስዳል።

ምልክት፦ አድሳችሁት ሳለ ደስ የማይል ውጤት

ማታ ሲበራ መስመሮች ከታዩ ቁጥር ዘላችኋል ወይም የበፊቱን ጭረት ሳትጨርሱ አልፋችኋል፤ ሁለት ቁጥር ወደኋላ ተመለሱ። የተረጨው ክሊር ወተት ከመሰለ እርጥበት ገብቶበታል። ክሊሩ እንደ ዓይን ክብ ክብ እየሰራ ከተሰበሰበ ቅባት ወይም ሲሊኮን ቀርቶ ነበር። ለሁለቱም ያለው መንገድ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቆ፣ አሽቶ፣ በአልኮል ጠርጎ እንደገና መርጨት ነው።

ስለ ጥርስ ሳሙና ብዙ ይባላል። ለስላሳ የሚፍቅ ቅንጣት ስላለው ቀላል ጭጋግን ያነሳል፣ መከላከያ ግን አይተውም፤ ለአንድ ጉዞ ካልሆነ አልመክርም። የነፍሳት ማባረሪያ መርጨት ግን ጉዳት ነው። ውስጡ ያለው ዲት የሚባል ኬሚካል ፕላስቲኩን ያሟሟዋል፤ ወዲያው የሚያበራው ላዩ ስለቀለጠ ነው። ቤንዚን፣ ቲነርና አሴቶን ፖሊካርቦኔትን ይሰነጥቃሉ፣ እንዳታስጠጉት።

ከታደሰ በኋላ በመኪና ሻምፖ እጠቡት፣ በየሁለት ሦስት ወሩም ሰም ቀቡት። አቧራ የያዘ ሌንስን በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉ፤ መጀመሪያ ውሃ ይውረድበት።