ስሙን ይዘን ትርጉሙን የምንስታቸው የድረ ገጽ ተደራሽነት ቃላት

ድረ ገጽ ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ቁጭ ካላችሁ «ኦልት»፣ «አሪያ»፣ «ፎከስ» የሚሉ ቃላት ከአፋቸው አይጠፉም። ግን አንዱን ቃል እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ ይረዳዋል። ቃሉ ሲሳት ሥራውም አብሮ ይሳታል። ገጹ «ተደራሽ ነው» ተብሎ ይለቀቃል፤ ማየት የተሳነው ሰው ግን ፎርሙን ጀምሮ መጨረስ ያቅተዋል። ይሄ ስለሚያንገበግበኝ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳ።

«ተደራሽ»ን «ለብዙ ሰው የሚደርስ» ብሎ መረዳት

በተለመደው አማርኛ መንገድም ውሃም ተደራሽ ይሆናል። በድረ ገጽ ሥራ ግን ትርጉሙ ጠበብ ይላል። አካል ጉዳት ያለበት ሰው ገጹን አንብቦ፣ ተረድቶ፣ ጉዳዩን ራሱ መጨረስ ይችላል ወይ? ገጹ ፈጣን መሆኑ፣ በስልክም መከፈቱ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ግን መልስ አይሆንም። በነገራችን ላይ «ኤ11ዋይ» የሚል ጽሑፍ ካጋጠማችሁ ያው አክሰሲቢሊቲ ነው። በእንግሊዝኛው ቃል የመጀመሪያና የመጨረሻ ፊደላት መካከል 11 ፊደላት ስላሉ ነው ቁጥሩ የገባው።

ኦልት ቴክስትን የፎቶ መግለጫ አድርጎ መጻፍ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኦልት ምስሉን ማየት ለማይችል ሰው በምስሉ ቦታ የሚቆም ጽሑፍ ነው፤ ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ ያነብለታል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ምስሉ ምን ይመስላል?» ሳይሆን «እዚህ ቦታ ላይ ምን ይሠራል?» ነው። የመፈለጊያ በተን ላይ ያለችውን የአጉሊ መነጽር ምስል ውሰዱ። ኦልቱ «አጉሊ መነጽር» ከሆነ ሰሚው ግራ ይጋባል። «ፈልግ» ከሆነ ግን ሥራውን ይቀጥላል።

ለጌጥ ብቻ የገባ ምስልስ? ኦልቱ ይኑር፣ ውስጡ ግን ባዶ ይሁን። ባዶ ማድረግና ጨርሶ መተው አንድ አይደሉም። ባዶ ሲሆን ስክሪን ሪደሩ ምስሉን ዝም ብሎ ያልፈዋል። ጨርሶ ከሌለ ግን የፋይሉን ስም ሊያነብ ይችላል፦ «አይ ኤም ጂ 4072 ነጥብ ጄፒጂ»። ይሄን በአንድ ገጽ ላይ አሥር ጊዜ እየሰማችሁ የምትፈልጉትን ነገር ለማግኘት ሞክሩ እስቲ።

ደመቅ ያለ ጽሑፍን ርዕስ ነው ማለት

ስክሪን ሪደር ገጹን ከላይ እስከ ታች የሚያነበንብ ብቻ ይመስለናል። ተጠቃሚዎቹ ግን ዓይን ገጹን ገረፍ እንደሚያደርገው ሁሉ ከርዕስ ወደ ርዕስ ይዘላሉ። ጽሑፉን አተልቃችሁና አድምቃችሁ ብቻ ከተዋችሁት ለዓይን ርዕስ ይመስላል፤ ለስክሪን ሪደሩ ግን ተራ አንቀጽ ነው። ገጹ በሚጻፍበት የኮድ ቋንቋ፣ በኤችቲኤምኤል፣ የርዕስ መለያ ይጻፍ።

አሪያ ሁሉን ያስተካክላል ብሎ ማመን

አንድ ዴቨሎፐር «ዲቭ» የሚባለውን፣ በራሱ ምንም ትርጉም የሌለው ባዶ ሳጥን ወስዶ በተን አስመስሎ ይሠራዋል። ከዚያ በአሪያ፣ ማለትም ኮዱ ላይ ለስክሪን ሪደር በሚጨመር መግለጫ፣ «ይሄ በተን ነው» ብሎ ይጽፍበታል። አሁን ማውሱን ገሸሽ አድርጉና ታብ እየተጫናችሁ ሂዱ። ፎከሱ፣ ማለትም ኪቦርዱ ገጹ ላይ አሁን የቆመበት ቦታ፣ ዘሎት ያልፋል። ቢደርስበት እንኳ ኢንተር ወይም ስፔስ ሲጫኑት ዝም ይላል። አሪያ የነገሩን ምንነት ይናገራል እንጂ ባሕሪውን አይለውጥም። የአሪያ የመጀመሪያ ደንብም ይሄው ነው፦ የምትፈልጉት ነገር በኤችቲኤምኤል ካለ እሱኑ ተጠቀሙ። እውነተኛው የበተን መለያ ይሄን ሁሉ አብሮ ይዞ ይመጣል።

የፎከስ መስመሩን «ያስቀይማል» ብሎ ማጥፋት

ታብ ስትጫኑ በሊንኮቹ ዙሪያ የምትታየዋ መስመር በኪቦርድ ለሚሠራ ሰው የማውስ ቀስት ማለት ናት። ካላማረቻችሁ ቀለሟን ቀይሩ፤ አታጥፏት።

ኮንትራስትን የቀለም ምርጫ ማድረግ

ኮንትራስት የሚለካው በጽሑፉና በጀርባው የብርሃን ልዩነት ነው። ቀይና አረንጓዴ በጣም የተለያዩ ቢመስሉም የብርሃን ልዩነታቸው ትንሽ ሊሆን ይችላል። ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ለትልልቅ ጽሑፍ 3 ለ 1 ያስፈልጋል። ነጭ ላይ የሚጻፈው ፈዛዛ ግራጫ ብዙ ጊዜ ይወድቃል።

ካፕሽንና ሰብታይትልን አንድ ማድረግ

ሰብታይትል ቋንቋውን ለማያውቅ ሰው ንግግሩን ይተረጉማል። ካፕሽን መስማት ለተሳነው ሰው ስለሆነ የበር መንኳኳቱን፣ ሳቁን፣ ማን እንደተናገረም ይጽፋል።

«ደረጃ ኤ»ን ከፍተኛው ውጤት አድርጎ መቁጠር

ትምህርት ቤት ያስለመደን ነው። በዓለም አቀፉ የተደራሽነት መመሪያ ግን፣ በ2023 የወጣውን ቅጂ 2.2 ጨምሮ፣ አንድ ኤ ዝቅተኛው ነው፤ ሦስት ኤ ከፍተኛው። አብዛኛው ሰው የሚያልመው ሁለት ኤ ነው። መመሪያው ራሱ ሦስት ኤን ለመላው ድረ ገጽ እንደ ግዴታ አትያዙት ይላል፤ ሊያሟላው የማይችል ይዘት አለና።

የገጹን ቋንቋ የተጠቃሚው ምርጫ ነው ብሎ መተው

ገጹ ኮድ ውስጥ «ቋንቋዬ ይሄ ነው» የሚል አንድ ቃል አለ። ከእንግሊዝኛ ቴምፕሌት ተቀድቶ ሳይነካ ይቀርና አማርኛው ገጽ «እንግሊዝኛ ነኝ» እያለ ይከፈታል። ስክሪን ሪደሩም ይሄን አምኖ በእንግሊዝኛ ድምፅ ሊጀምር ይችላል፤ ፊደሎቻችንንም ያበላሻቸዋል ወይም ይዘላቸዋል። የአማርኛ ድምፅ የጫነ ሰው እንኳ ተጎጂ ነው። ማስተካከያው ሁለት ፊደል ነው፦ «ኤ ኤም»።