የፀጉር መርገፍ መድኃኒት በእርግጥ መሥራቱን እንዴት መለየት ይቻላል?

ማንኛውንም የፀጉር ክኒን፣ ቅባት ወይም ሕክምና ከመመዘን በፊት የመርገፉን ዓይነት ማወቅ ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ መርገፍ ምንም ሳይደረግለት በራሱ የሚቆም ስለሆነ፣ በዚያው ሰሞን የተወሰደ ነገር ሁሉ የሠራ ይመስላል።

እያንዳንዱ የራስ ፀጉር ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ያህል ያድግና ሦስት ወር ገደማ አርፎ ይረግፋል። በመሆኑም ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ቢረግፍበት የሚያስደነግጥ አይደለም። ከወሊድ፣ ከከባድ ትኩሳት፣ ከቀዶ ሕክምና ወይም ከፈጣን ክብደት መቀነስ በኋላ ግን ብዙ ፀጉር በአንድ ጊዜ ወደ ዕረፍት ይገባና ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ በብዛት መርገፍ ይጀምራል። የተቸገረችው ሴት ክኒን የምትገዛው መርገፉ በበረታበት ሳምንት ነው፤ ከወራት በኋላ ፀጉሯ በተፈጥሮው ሲመለስ ምስጋናው ለክኒኑ ይሆናል። በማስታወቂያ ከምናያቸው ምስክርነቶች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የተገኙ ይመስለኛል፤ ተናጋሪዎቹ ሳይዋሹ ይሳሳታሉ። ፀጉርን በክብ በክብ የሚያራግፈው ላሽም ቢሆን በብዙ ሰዎች ላይ በራሱ ጊዜ ይመለሳል። በአንጻሩ በዘር የሚመጣው መሳሳት ዝም ከተባለ እየጨመረ ይሄዳል፤ ቆረቆር ደግሞ የፈንገስ መድኃኒት እንጂ ቫይታሚን አይፈውሰውም።

እንግዲህ «በጥናት የተረጋገጠ» የሚል ጽሑፍ ሲያጋጥምዎ በቅድሚያ የሚጠየቀው ከምን ጋር ተነጻጽሮ እንደተረጋገጠ ነው። ተሳታፊዎቹ በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ እውነተኛውን ምርት፣ ግማሾቹ ደግሞ ፕላሴቦ የሚባለውን መድኃኒትነት የሌለው ማስመሰያ ወስደው፣ የትኛው ለማን እንደደረሰ ተሳታፊውም መዛኙም ሳያውቁ የተካሄደ ካልሆነ፣ በራሱ የተመለሰውን ፀጉር ምርቱ ካበቀለው መለየት አይቻልም። ቀጥሎ ውጤቱ በምን እንደተለካ ይመልከቱ፤ በተወሰነ የራስ ቆዳ ስፋት ላይ ያለውን ፀጉር መቁጠር አንድ ነገር ነው፣ ተጠቃሚዎችን «ረክታችኋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግን ሌላ ነው። ጥናቱ የተካሄደው በምርቱ ላይ ነው ወይስ ከውስጡ በአንዱ ንጥረ ነገር ላይ፣ ያውም በሌላ መጠን? ወጪውን የሸፈነውስ ማን ነው? ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚያድግ፣ በሁለት ሳምንት ለውጥ አሳያለሁ የሚለውን ምርት ሌላ ምርመራ ሳያስፈልግ መተው ይቻላል።

ይህንን ፈተና ያለፉት ጥቂቶች ናቸው። የሚቀባው ሚኖክሲዲል በአሜሪካ በ1988፣ የሚዋጠው ፊናስቴራይድ ደግሞ በ1997 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በዘር ለሚመጣው የወንዶች መሳሳት ተፈቅደዋል፤ የመጀመሪያው አስቀድሞ የደም ግፊት ክኒን ነበር፣ ፀጉር ማብቀሉም የታወቀው በጎንዮሽ ጉዳትነቱ ነው። እነዚህም ቢሆኑ ሲቋረጡ ጥቅማቸው በወራት ውስጥ ይጠፋል። ሚኖክሲዲል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መርገፉን ሊያባብሰው ስለሚችል፣ በአንድ ወር የሚፈርድ ሰው የሚሠራውን መድኃኒት አይሠራም ብሎ ይጥለዋል። ፊናስቴራይድ በአንዳንዶች ላይ የወሲብ ፍላጎትን ይቀንሳል፤ በማሕፀን ያለን ወንድ ፅንስ ሊጎዳ ስለሚችል ነፍሰ ጡር ሴት ፈጽሞ መውሰድ የለባትም።

ወደ ቫይታሚኖቹ ስንመጣ ማስረጃው ይሳሳል። በጣም የሚሸጠው ባዮቲን ነው፤ ለአዋቂ በቀን 30 ማይክሮ ግራም ይበቃል ሲባል፣ የፀጉር ክኒኖች ግን 5,000 ወይም 10,000 ይይዛሉ። እጥረቱ የሌለበት ሰው ከዚህ የሚያገኘው ጥቅም በአስተማማኝ ጥናት አልታየም፤ ጉዳት ግን ሊኖረው ይችላል፤ ባዮቲን የታይሮይድንና የልብ ሕመምን የሚያሳዩ የደም ምርመራዎችን ውጤት ስለሚያዛባ፣ የሚወስድ ሰው ከምርመራ በፊት ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል። ቫይታሚን ኤ እና ሴሊኒየም የተባለው ማዕድን ከመጠን ሲያልፉ ደግሞ ራሳቸው ፀጉር ያረግፋሉ። ብረት የሚጠቅመው በደም ምርመራ እጥረቱ ለታየበት ሰው ነው። በአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያሉ ምርቶች ለገበያ ከመቅረባቸው በፊት መሥራታቸውን እንዲያስመሰክሩ አይገደዱም፤ ስለዚህ በመደርደሪያ ላይ መገኘታቸው ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

አንድ ነገር ለመሞከር ከወሰኑ ብቻውን ይሞክሩት፤ ሻምፑ፣ ክኒንና ቅባት በአንድ ቀን የጀመረ ሰው የትኛው እንደረዳው መቼም አያውቅም። ሲጀምሩ፣ ከዚያም በየወሩ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ብርሃን፣ ፀጉሩ ደርቆና በአንድ በኩል ተከፍሎ ፎቶግራፍ ይነሡ። የብርሃን አቅጣጫ ብቻ ፀጉርን ስስ ወይም ብዙ አስመስሎ ሊያሳይ ስለሚችል፣ የሻጮች «በፊትና በኋላ» ሥዕሎችም በዚሁ ዓይን ይታዩ። በማበጠሪያ ላይ የቀረውን በየቀኑ መቁጠር ጭንቀት ከመጨመር አልፎ ብዙ አይነግርም፤ ቁጥሩ ፀጉር በታጠበበት ቀን ይበዛል፣ ባልታጠበበት ያንሳል። ፍርዱን የሚሰጡበትን ቀን ግን አስቀድመው ይወስኑ፤ ከስድስት ወር ባያንስ መልካም ነው።

የራስ ቆዳው የሚያምም፣ የሚያቃጥል ወይም መግል የያዘ ከሆነ፣ ወይም ፀጉሩ የረገፈበት ቦታ የፀጉር ቀዳዳዎቹ ጠፍተው የሚያብረቀርቅ ጠባሳ ከመሰለ፣ ይህ የስድስት ወር ሙከራ አይመለከትዎትም። የፀጉሩ ሥር አንዴ በጠባሳ ከተተካ ፀጉር ስለማይበቅልበት፣ ሳይውሉ ሳያድሩ የቆዳ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል።