ቅርጫቱ የት ገባ? ኦብጀክትን ሰሽን ውስጥ ስታስቀምጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ሆናችሁ የመንዝ ባና በኦንላይን የሚሸጥ ድረ ገጽ በፒኤችፒ እየሠራችሁ ነው እንበል። ደንበኛው ሁለት ባና መርጦ ቅርጫት ውስጥ አስገባ። ክፍያ ገጽ ላይ ሲደርስ ግን ኤረር ተቀበለው። ቅርጫቱን እንደ ኦብጀክት (መረጃንና ፈንክሽኖችን አንድ ላይ የያዘ ነገር) ሰሽን (ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ለጊዜው የሚይዘው መረጃ) ውስጥ ካስቀመጣችሁት፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከሚከተሉት አንዱ ነው።

ክላሱ (የኦብጀክቱ ንድፍ) ሳይጫን ሰሽን መክፈት። በብዛት የሚያጋጥመው ይሄ ነው። ኦብጀክት እንዳለ ሰሽን ውስጥ አይቀመጥም። ገጹ ሠርቶ ሲጨርስ ፒኤችፒ ወደ ጽሑፍ ይቀይረውና ፋይል ላይ ያሰፍረዋል። የሚጻፈው የክላሱ ስምና በውስጡ ያለው መረጃ ብቻ ነው፤ ፈንክሽኖቹ አይጻፉም። በሚቀጥለው ገጽ ሰሽን የሚከፍተው ሰሽን ስታርት ሲጠራ ጽሑፉ ተመልሶ ኦብጀክት ይሆናል። ያኔ ክላሱ ከሌለ «ኢንኮምፕሊት ክላስ» የሚባል ነገር ይሰጣችኋል። ይዘቱን በሚያሳየው ፕሪንት አር ስታዩት ባናዎቹ አሉ። ጠቅላላ ዋጋ አስላ ስትሉት ግን ገጹ ቀጥ ይላል። የክላሱን ፋይል ከሰሽን ስታርት በታች መጥራት አያድነውም፤ ከላይ ይሁን። አውቶሎደር (ክላሶችን በራሱ የሚጭን ኮድ) ካላችሁም እሱ ይቅደም። የፒኤችፒ ማስተካከያ ፋይል በሆነው ፒኤችፒ ዶት አይኤንአይ ላይ ሰሽን ኦቶ ስታርት በርቶ ከሆነ ሰሽኑ ከእናንተ ኮድ ቀድሞ ይከፈታል፤ አጥፉት።

የዳታቤዝ ግንኙነትን አብሮ ማስቀመጥ። ፒኤችፒ ከዳታቤዝ ጋር የሚገናኝበት ፒዲኦ ወደ ጽሑፍ አልቀየርም ብሎ ኤረር ያወጣል። የሚያናድደው፣ ኤረሩ የሚመጣው ገጹ ሊያልቅ ሲል ነው፤ የትኛው መስመር እንዳመጣው ግራ ይገባል። ስሊፕና ዌክአፕ በሚባሉት ሜተዶች፣ ከፒኤችፒ 7.4 ወዲህ ደግሞ ሲሪያላይዝና አንሲሪያላይዝ በሚባሉት፣ ግንኙነቱን ትቶ ኋላ እንደገና መክፈት ይቻላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ቅርጫትን ከዳታቤዝ ጋር ምን አገናኘው? ግንኙነቱን ለሚፈልገው ፈንክሽን ብቻ ስጡት።

ዕቃውን ከነዋጋው መያዝ። ባናው ዛሬ ዋጋ ቢጨምር ደንበኛው ሰሽን ውስጥ ያለው የትናንቱ ነው። ክላሱ ላይ አዲስ ነገር ስትጨምሩም ድሮ የተጻፉት ሰሽኖች እሱን አያውቁትም፤ ኮዱን በለወጣችሁ ማግስት አንዳንዱ ደንበኛ ብቻ ኤረር የሚያየው ለዚህ ነው። የዕቃውን መለያ ቁጥርና ብዛቱን ብቻ አስቀምጡ። ሌላውን ከዳታቤዝ አምጡ። ይህን ካደረጋችሁ ከላይ ያሉት ሁለቱም ችግሮች አብረው ይሄዳሉ፤ ቁጥር ክላስ አይፈልግማ።

ሰሽን አይጠፋም ብሎ ማሰብ። ቅንብሩን ካልለወጣችሁት፣ ፒኤችፒ ሳይነካ የተተወ ሰሽንን የሚያቆየው 1440 ሰከንድ፣ ማለትም 24 ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ በማንኛውም ሰዓት ሊጠረግ ይችላል። መሐል ሜዳ ከተማ ያለ ገዢ መብራት ሄዶበት ከሰዓት በኋላ ቢመለስ ቅርጫቱን ላያገኘው ይችላል። ቅርጫቱ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ዳታቤዝ ላይ መዝግቡት።

ኩኪ ላይ ማስቀመጥ። «ሰሽን ካስቸገረ ኦብጀክቱን ኩኪ ላይ ልጻፈው» የሚል አለ። ተዉት። ኩኪ ያለው ደንበኛው እጅ፣ ብራውዘሩ ላይ ነው። የፈለገውን ጽፎ ቢልክላችሁና እናንተም አንሲሪያላይዝ ብታደርጉት (ከጽሑፍ ወደ ኦብጀክት ብትመልሱት)፣ ያላሰባችሁትን ኦብጀክት ሰርቨራችሁ ላይ ይፈጥርባችኋል።